ኪስ የገባ ሙዚቃ

እ.ኤ.አ. በ1954 መገባደጃ አሜሪካ ውስጥ ሬጀንሲ ቲአር-1 የተባለ ትንሽ ሬዲዮ ገበያ ላይ ዋለ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀናት፣ ወራትና ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) እስከዚያ ድረስ ሬዲዮ ማለት ሳሎን ውስጥ ግድግዳ ተደግፎ የሚቀመጥ፣ ሆዱ በሚግሉ የመስታወት ቱቦዎች የተሞላ ከባድ የቤት ዕቃ ነበር። የትኛው ጣቢያ እንደሚከፈት የሚወስነው አባት ነው፤ ልጆች የተከፈተላቸውን ይሰማሉ። አዲሱ ሬዲዮ በቱቦዎቹ ፈንታ አራት ትራንዚስተሮች ብቻ ስለነበሩት በባትሪ ይሠራል፣ ካፖርት ኪስም ይገባል። ዋጋው ግን 49 ዶላር ከ95 ሳንቲም ነበር፤ ለዚያ ዘመን ቀላል ገንዘብ አይደለም። ድምፁም ቀጭንና ሻካራ ስለነበር የሳሎኑን ሬዲዮ የለመደ ጆሮ ብዙም አይወድለትም።

እንዲያም ሆኖ በመጀመሪያው ዓመት ወደ 100 ሺህ የሚጠጋ ተሸጠ። በዚያው 1954 ሐምሌ ላይ ኤልቪስ ፕሪስሊ ሜምፊስ ከተማ ውስጥ የመጀመሪያ ሸክላውን ቀድቶ ነበር። ሮክ ኤንድ ሮል ወላጆች በሳሎናቸው እንዲከፈት የማይፈልጉት ሙዚቃ ነው። ትንሿ ሬዲዮ ግን ከትራስ ሥር ትገባለች፤ ማንንም ሳያስፈቅዱ ሌሊት ይሰሟታል። ወጣቱ ጥሩውን ድምፅ ትቶ የራሱን ድምፅ መረጠ። ይህ ምርጫ ከዚያ በኋላ ባሉት ሰባ ዓመታት ደጋግሞ ተከሰተ፤ ዕቃዎቹን የሚሠሩትን ባለሙያዎችም በየጊዜው ያስገርም ነበር።

ሰፊ ኪስ ያለው ሸሚዝ

ከማንም ቀድሞ ነገሩ የገባው በጦርነት በወደመችው ቶኪዮ ውስጥ በ1946 የተቋቋመ አንድ ትንሽ ድርጅት ነው። መሥራቾቹ መሐንዲሱ ማሳሩ ኢቡካና የፊዚክስ ምሩቁ አኪዮ ሞሪታ ነበሩ። ድርጅቱ በኋላ ሶኒ ተባለ። በ1957 ቲአር-63 የተባለውን ሬዲዮ ሲያወጡ የሸሚዝ ኪስ የሚገባ ነው ብለው አስተዋወቁት። ሬዲዮው ግን ከተለመደው የሸሚዝ ኪስ ትንሽ ይሰፋ ነበር። ሞሪታ ኋላ በጻፉት የሕይወት ታሪካቸው እንዳወጉት፣ መፍትሔው ሬዲዮውን ማሳነስ ሳይሆን የሻጮቹን ሸሚዝ ኪስ ማስፋት ሆነ።

ኪስ የገባው ሬዲዮ አንድ ነገር ይጎድለው ነበር፤ ዘፈኑን የሚመርጠው የጣቢያው ሰው ነው። ሸክላ ደግሞ ተይዞ አይዞርም። ይህን ችግር የፈቱት በቤልጂየም ሃሰልት ከተማ በሚገኘው የፊሊፕስ ፋብሪካ የሚሠሩት ሉ ኦተንስ የተባሉ መሐንዲስ ነበሩ። ኦተንስ ንድፍ ከመንደፋቸው በፊት ከጃኬታቸው ኪስ የሚገባ እንጨት አስቆረጡና አዲሱ ዕቃ ከዚያች እንጨት እንዳይበልጥ አዘዙ። ካሴት በ1963 በርሊን የሬዲዮ ትርኢት ላይ ቀረበ። ፊሊፕስ ሌሎች ፋብሪካዎች የፈጠራ ክፍያ ሳይከፍሉ እንዲሠሩት በመፍቀዱ፣ የትም አገር የተቀዳ ካሴት የትም አገር በተሠራ ቴፕ የሚሰማ ሆነ። ሸክላ ለለመደ ሰው ካሴት ያንሾካሹካል፣ ይሻክራል፤ ፊሊፕስም መጀመሪያ ያሰበው ለንግግር መቅጃ ነበር። ወጣቶች ግን የፈለጉትን ዘፈን ከሸክላና ከሬዲዮ ቀድተው፣ በፈለጉት ቅደም ተከተል ደርድረው፣ ለወዳጅ የሚሰጡበት ሆነ። በ1970ዎቹ መጨረሻ የኒውዮርክ ወጣቶች ትልልቅ ቴፕ በትከሻቸው ተሸክመው የሠፈር ዲጄዎችን ካሴት እያስጮኹ ይዞሩ ነበር።

የሰባ ዓመቱ አዛውንት ጥያቄ

የወጣቶች መለያ የሆነው ዕቃ የተወለደው ሰባ ዓመት ካለፋቸው ሰው ጥያቄ ነው። ኢቡካ በ1979 የሶኒ የክብር ሊቀመንበር ነበሩ። በረጅም የአውሮፕላን ጉዞ ሙዚቃ መስማት ይወዱ ስለነበር የድርጅታቸውን ምርጥ ተንቀሳቃሽ ቴፕ ይዘው ይጓዛሉ፤ ዕቃው ግን ከባድ ነው። ምክትል ፕሬዚዳንቱን ኖሪዮ ኦጋን ቀለል ያለ እንዲሠራላቸው ጠየቁ። የቴፕ ክፍሉ ኃላፊ ኮዞ ኦሶኔና ባልደረቦቻቸው ለጋዜጠኞች የተሠራውን ፕሬስማን የተባለ ትንሽ መቅረጸ ድምፅ ወሰዱ፤ መቅጃውንና ስፒከሩን አወጡ፤ በቦታው ስቴሪዮ ማጫወቻ አስገቡ። በሌላ የሶኒ ክፍል ደግሞ ክብደቱ 50 ግራም እንኳ የማይሞላ ሄድፎን እየተሠራ ነበር፤ የዘመኑ ሄድፎኖች ከ300 ግራም በላይ ይመዝኑ ነበር። ሁለቱ ተገናኙ።

ኢቡካ ዕቃውን ይዘው አሜሪካ ሄደው ሲመለሱ ለሞሪታ አስሞከሯቸው። ሞሪታ ወዲያው ያዩት ገበያውን ነው። ልጃቸው ከጉዞ ስትመለስ እናቷን ሰላም ሳትል ወደ ላይ ሮጣ ካሴት ስትከፍት አይተው ነበር። በየካቲት 1979 ሠራተኞቻቸውን ሰብስበው ዕቃው ለተማሪዎች የበጋ ዕረፍት እንዲደርስ አዘዙ፤ የቀረው ጊዜ ከአራት ወር ያነሰ ነበር። የሽያጭ ሰዎች አልተዋጠላቸውም። መቅዳት የማይችል ቴፕ ማን ይገዛል? ሞሪታ 30 ሺህ ካልተሸጠ ከሊቀመንበርነቴ እለቃለሁ እስከ ማለት ደረሱ። ስሙንም ያወጡት ወጣት ሠራተኞች ናቸው፤ ሞሪታ ከጉዞ ሲመለሱ አልወደዱትም፤ ነገር ግን የማስታወቂያው ሥራ ተጀምሮ ስለነበር ዎክማን እንደተባለ ቀረ።

ሰኔ 22 ቀን ጋዜጠኞች በአውቶቡስ ተጭነው ቶኪዮ ወደሚገኘው ዮዮጊ መናፈሻ ተወሰዱ። መግለጫ የሚሰጥ ሰው አልነበረም። ለእያንዳንዳቸው አንዳንድ ዎክማን ታደላቸው፤ ቁልፉን ሲጫኑ መግለጫው በጆሯቸው ውስጥ ተጀመረ። ድምፁ ወደዚህ ተመልከቱ ሲላቸው ዞር ይላሉ፤ አንድ ወጣትና አንዲት ወጣት በሁለት ሰው ብስክሌት ሙዚቃ እየሰሙ ያልፋሉ።

ዎክማን ሐምሌ 1 ቀን 1979 በ33 ሺህ የን ለሽያጭ ቀረበ። በመጀመሪያው ወር የተሸጠው ወደ 3 ሺህ ብቻ ነበር። ሶኒ ያን ጊዜ ያደረገው ጋዜጣ ላይ ተጨማሪ ማስታወቂያ ማውጣት አልነበረም፤ ወጣት ሠራተኞቹን ዎክማን አስይዞ ወጣት ወደሚበዛባቸው የሺንጁኩና የሃራጁኩ ጎዳናዎች፣ ቶኪዮን በሚዞረው የያማኖቴ ባቡርም ላይ አሰማራ። መንገደኛ ሲያያቸው ጠጋ ብሎ ይጠይቃል፤ እነሱም ሄድፎኑን አውልቀው ጆሮው ላይ ያደርጉለታል። ነሐሴ ሲያልቅ 30 ሺውም አለቀ።

ሁለት ቀዳዳ

የመጀመሪያው ዎክማን ሁለት የሄድፎን ቀዳዳ ነበረው። ብርቱካንማ ቁልፍም ነበረው፤ ሲጫኑት ሙዚቃው ዝቅ ይልና በውስጠኛው ማይክ አማካይነት ሁለቱ አድማጮች ይነጋገራሉ። ይህን ያስጨመሩት ሞሪታ ናቸው። ቤታቸው ሲሞክሩት ባለቤታቸው ቅር እንዳላቸው አይተው፣ ሰው አጠገብ ተቀምጦ ብቻን መስማት ነውር ይሆናል ብለው ሰጉ። ገዢዎቹ ግን ነውሩን አላዩትም፤ ሁሉም ለየራሱ ገዛ። ውሎ አድሮ ቁልፉም ሁለተኛው ቀዳዳም ከዎክማን ላይ ጠፉ።

አሜሪካ ውስጥ መጀመሪያ ሳውንድአባውት፣ እንግሊዝ ውስጥ ስቶአዌይ፣ ስዊድን ውስጥ ፍሪስታይል ተብሎ ተሸጠ። ኋላ ቶኪዮ ሄደው የተመለሱ ሰዎች የጃፓኑን ስም በየአገሩ ስላዛመቱት አንድ ስም ሆነ። አይዋ፣ ፓናሶኒክና ቶሺባ ተከተሉ። በ1983 አሜሪካ ውስጥ የካሴት ሽያጭ የሸክላን በለጠ። ዎክማን በወጣ በአሥር ዓመቱ ሶኒ የሸጠው 50 ሚሊዮን ደርሶ ነበር።

ቅሬታውም አብሮ መጣ። ኒው ጀርሲ ውስጥ የምትገኘው ዉድብሪጅ በ1982 ሄድፎን አድርጎ መንገድ ማቋረጥን በሕግ ከለከለች። የእንግሊዝ የሸክላ ኩባንያዎች ቤት ውስጥ ካሴት መቅዳት ሙዚቃን እየገደለ ነው የሚል ዘመቻ ከፈቱ። ብዙ ምሁራን ወጣቱ ከኅብረተሰቡ ተነጠለ ብለው ጻፉ። ጃፓናዊው የሙዚቃ ተመራማሪ ሹሄይ ሆሶካዋ ግን በ1984 ባወጣው ጥናት ነገሩን በሌላ በኩል አየው። ዎክማን ያደረገ ሰው ከከተማው አልሸሸም፤ በከተማው መሐል ምሥጢር ይዞ ይሄዳል፣ ምሥጢር እንደያዘም ለመንገደኛው ሁሉ ያሳያል።

ፀሐይ ላይ የተሰጣ ድንጋይ

ኢትዮጵያ ውስጥ የሸክላ ዘመን አጭር ነበር። አምሃ እሸቴ በስሙ የሚታወቀውን የሸክላ ድርጅት የጀመረው በ1969 ነው። አብዮቱ ፈንድቶ የሰዓት እላፊ ሲታወጅና የሌሊት ሙዚቃው ሲዳከም፣ በ1970ዎቹ መጨረሻ ሸክላ ማሳተም ቆመና ቦታውን ካሴት ወረሰው። የጥላሁን ገሠሠ፣ የአስቴር አወቀ፣ የነዋይ ደበበ ሥራዎች በየሙዚቃ ቤቱ በካሴት ይሸጡ ነበር። ኦሪጅናሉን መግዛት የማይችል ባዶ ካሴት ይዞ ሄዶ ያስቀዳል። ከባሕር ማዶ ያለ ዘመድ ደብዳቤውን በድምፁ ቀድቶ በካሴት ይልካል፤ ቤተሰብ ተሰብስቦ ይሰማዋል፣ ያለቅሳል፣ ከዚያም ዘፈን ይቀዳበታል።

ዎክማን የመጣው በዚህ መሐል፣ በብዛት ከዓረብ አገር ወይም ከአሜሪካ በተላከ ሻንጣ ውስጥ ነው። አንድ ዎክማን ያለው ልጅ በሠፈሩ የታወቀ ነው። ዋናው ወጪ ግን ዕቃው ሳይሆን የባትሪ ድንጋዩ ነበር። ድንጋዩ ሲደክም ካሴቱ ይንቀረፈፋል፤ የሴቷ ድምፅ ወፍሮ የወንድ ይሆናል፤ ፈጣኑ ዘፈን ወደ እንጉርጉሮ ይለወጣል። ያን ጊዜ ድንጋዩ ወጥቶ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ ወይም በጥርስ ይነከሳል፤ ለአንድ ሁለት ዘፈን ነፍስ ይዘራል። ካሴት ወደ ኋላ መመለስ ድንጋይ ስለሚበላ ማንም በዎክማኑ አይመልስም። ካሴቱ ይወጣና ቢክ እስክሪብቶ በጥርሳማው ቀዳዳ ገብቶ በእጅ ይሾራል፤ የለመደ ልጅ እያወራ ሙሉውን ገጽ ያጠነጥናል። ሁለተኛው ቀዳዳ በሌለበት ሁለት ጓደኛሞች አንዱን ማዳመጫ ለሁለት ጆሮ ይካፈላሉ፤ አንዱ ግራውን፣ ሌላው ቀኙን። ሞሪታ በመሐንዲስ ያስገቡትን መጋራት ወጣቱ በራሱ መንገድ አገኘው።

ሠላሳ ደቂቃ ሙዚቃ በ200 ዶላር

ሲዲ በ1982 ጃፓን ውስጥ ገበያ ላይ ዋለ፤ በእጅ የሚያዘው የሶኒ ሲዲ ማጫወቻም በ1984 ተከተለ። ድምፁ ጥርት ያለ ቢሆንም በእርምጃ ሲናጥ ይዘላል፣ ከኪስም አይገባም። ስለዚህ መንገድ ላይ ካሴትን ሳያስወጣ ብዙ ቆየ።

ካሴትን ያስወጣው የመጣው ከጀርመን ነው። ኤርላንገን በሚገኘው የፍራውንሆፈር ተቋም ካርልሃይንዝ ብራንደንቡርግና ባልደረቦቻቸው የሰው ጆሮ የማይለየውን የድምፅ ክፍል እየቀነሱ ፋይሉን ወደ አንድ አሥረኛ የሚያሳንስ ዘዴ ይሠሩ ነበር። መሞከሪያ ካደረጓቸው ዘፈኖች አንዱ ሱዛን ቬጋ ያለ መሣሪያ በድምጿ ብቻ የዘፈነችው «ቶምስ ዳይነር» ነው። የመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች ድምጿን እጅግ ስላበላሹት፣ እስኪስተካከል ድረስ ዘፈኑን ደጋግመው ሰሙት። በሐምሌ 1995 ፋይሎቹ ኤምፒ3 እንዲባሉ ተወሰነ።

በ1998 የደቡብ ኮሪያው ሳኤሃን ኤምፒማን የተባለውን ማጫወቻ አወጣ። በዚያው ዓመት አሜሪካ ውስጥ ሪዮ የተባለው በ200 ዶላር ተከተለ። ማኅደሩ 32 ሜጋባይት ብቻ በመሆኑ የሚይዘው ግማሽ ሰዓት ያህል ሙዚቃ ነው፤ አንድ ካሴት በጥቂት ብር 60 ወይም 90 ደቂቃ ይይዛል። ጆሮ ላለው ሰው ድምፁም ከሲዲ ያንሳል። የአሜሪካ የሸክላ ኩባንያዎች ማኅበር ግን ስላስፈራው ሪዮን ከሰሰ፤ በሰኔ 1999 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ለሪዮ ፈረደ። በዚያው ወር ሾን ፋኒንግ የተባለ የ18 ዓመት ልጅ ናፕስተር የተባለውን በኢንተርኔት ሙዚቃ መለዋወጫ ለቀቀ። ካሴት ለአንድ ጓደኛ ይቀዳ ነበር፤ አሁን ኮምፒዩተር ያለው ተማሪ ሁሉ ካላወቀው ሰው ይቀዳል። ፍርድ ቤት ናፕስተርን በ2001 ቢያዘጋውም ልማዱ ግን ቀጠለ።

ይህ ገበያ በአግባቡ የሶኒ መሆን ነበረበት። ሶኒ ግን በ1988 ሲቢኤስ ሬከርድስን በ2 ቢሊዮን ዶላር ገዝቶ ራሱ የሸክላ ባለቤት ሆኗል። በ1999 ያወጣቸው ዲጂታል ዎክማኖች የሚያጫውቱት የራሱን የፋይል ዓይነት ነው፤ ደንበኛው ያለውን ኤምፒ3 መጀመሪያ በሶኒ ፕሮግራም መለወጥ አለበት። የሶኒ ፋይል በድምፅ አይታማም። ወጣቱ ግን እንደገና ማስፈቀድ አልፈለገም። መቅጃውን አውጥቶ ዓለምን ያስደነቀው ድርጅት ከሃያ ዓመት በኋላ ደንበኛው ላይ ቁልፍ ጨመረ። ዎክማኖቹ በቀጥታ ኤምፒ3 ማጫወት የጀመሩት በ2004 መጨረሻ ነው፤ ያን ጊዜ ውድድሩ አልቆ ነበር።

አንድ ሺህ ዘፈን

ጥቅምት 23 ቀን 2001 የአፕል ኩባንያ መሪ ስቲቭ ጆብስ አይፖድን አስተዋወቀ። የአፕሉ መሐንዲስ ጆን ሩቢንስታይን በዚያው ዓመት መጀመሪያ ጃፓን ሄዶ ቶሺባ የሠራትን፣ ለምን እንደምትሆን ገና ያልታወቀች 5 ጊጋባይት የምትይዝ ትንሽ ሃርድ ዲስክ አይቶ ነበር። ቶኒ ፋደል የመራው ቡድን ከዓመት ባነሰ ጊዜ ማጫወቻውን በዙሪያዋ ሠራ። ክብደቱ 184 ግራም፣ ዋጋው 399 ዶላር፣ የሚይዘው 1,000 ዘፈን። ውድ ነው ብለው ብዙዎች አጣጣሉት፤ መጀመሪያም የሚሠራው ከአፕል ኮምፒዩተሮች ጋር ብቻ ነበር። በ2002 ለዊንዶውስ ሲከፈት፣ በ2003 ደግሞ ዘፈን በ99 ሳንቲም በተናጠል የሚሸጥበት መደብር ሲጨመር ነገሩ ተለወጠ። መደብሩ በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ሚሊዮን ዘፈን ሸጠ። በ2004 ዱክ ዩኒቨርሲቲ ከ1,600 ለሚበልጡ አዲስ ተማሪዎቹ አይፖድ አደለ። ዕቃው ኪስ ውስጥ ተደብቆ እንኳ ነጩ ገመድ ባለቤቱን ያሳብቃል፤ ኒውዮርክ ምድር ውስጥ ባቡር ላይ ሌቦችም ገመዱን ዓይተው ይከተሉ ነበር። በሚያዝያ 2007 የተሸጡት አይፖዶች 100 ሚሊዮን ደረሱ።

ሐኪሞችም ነቁ። በ2008 የአውሮፓ ኅብረት ሳይንሳዊ ኮሚቴ፣ ከአድማጮቹ ከ5 እስከ 10 በመቶ የሚሆኑት፣ ማለትም ድምፁን ከፍ አድርገው በቀን ከአንድ ሰዓት በላይ ለአምስት ዓመት የሚሰሙት፣ ለዘለቄታው ጆሯቸው ሊጎዳ እንደሚችል አስጠነቀቀ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 አደጋ የተጋረጠባቸውን ወጣቶች 1.1 ቢሊዮን አድርሷቸዋል።

አይፖድን የገደለው ራሱ አፕል ነው። በሰኔ 2007 የወጣው አይፎን ውስጡ አይፖድ ነበረበት፤ ስልክ የያዘ ሰው ሌላ ዕቃ የሚይዝበት ምክንያት እያነሰ ሄደ። ሶኒ ለጃፓን ገበያ ካሴት ዎክማን መሥራቱን በ2010 አቆመ። አፕል የመጨረሻውን አይፖድ ግንቦት 10 ቀን 2022 ተሰናበተ።

አዲስ አበባ ውስጥ አይፖድ በብዙ ወጣት እጅ ሳይገባ ነው ስልክ የደረሰው። ከካሴትና ከሲዲ በቀጥታ ወደ ሚሞሪ ካርድ ተዘለለ። የቀድሞው ልጅ ባዶ ካሴት ይዞ ያስቀዳ እንደነበረው፣ የኋለኛው ሚሞሪውን ነቅሎ ለሞባይል ቤቱ ይሰጥና በጥቂት ብር መቶና ሁለት መቶ ዘፈን ያስጭናል። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410 በ2004 ቢወጣም ልማዱን አላቆመውም። የርካሽ ስልክ ስፒከር ድምፅ ጩኸት ብቻ ነው፤ ባስ የሚባል የለውም። ቢሆንም በብሉቱዝ ከስልክ ስልክ ይላላካሉ፤ ታክሲ ውስጥ አንዱን ማዳመጫ ዛሬም ለሁለት ይካፈሉታል።

ወጣቱ በየጊዜው ለነፃነቱ የከፈለው ቀላል አይደለም፤ የድምፅ ጥራት፣ አንዳንዴ ጆሮውን፣ ለዘፋኙም የሚደርሰውን ገንዘብ ከፍሏል። አሁን ደግሞ ዘፈኑ በእጁ የለም፤ ሩቅ ካለ ኮምፒዩተር በኢንተርኔት ይመጣል፣ የዳታ ጥቅሉ ሲያልቅ ይቆማል፣ ቀጥሎ የሚሰማውንም አብዛኛውን ጊዜ ፕሮግራሙ ይመርጥለታል። በዚህ ታሪክ ውስጥ አንድም ዕቃ በድምፁ ማማር ብቻ አላሸነፈም። ያሸነፈው ወጣቱን ከአንድ አስፈቃጅ የገላገለው ነው፤ መጀመሪያ ከአባት፣ ቀጥሎ ከሬዲዮ ጣቢያ፣ ቀጥሎ ከሸክላ ኩባንያ። የሚቀጥለውን ዕቃ ለመገመት የሚፈልግ ሰው ስለ ድምፅ ጥራት ባይጨነቅም ይሆናል፤ ወጣቱ ዛሬ ማንን ማስፈቀድ እንደሰለቸው ቢጠይቅ ይሻለዋል።